ሐረጎን ስንወርድ መስመሩ ለምን ይወጣል?

ዛሬ ጠዋት... ደሴ፣ ዘጠነኛ ክፍል፣ የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ። ፕላዝማው ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ያለኝ ጠመኔ ብቻ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ዳይሬክተራችን ተቀምጠዋል።

ባለፈው ፈተና ልጆቼ የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ ላይ ስለተንኮታኮቱ «ዛሬም ካልገባቸው ክፍሉን ለሌላ መምህር እሰጠዋለሁ» ብለውኛል። እኔ ደግሞ እነዚህን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ግራፉን ሳልኩ... መስመሩ ከላይ ጀምሮ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዜሮ ላይ ትንሽ ይተኛል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል።

«ይሄ መኪና ምን እያደረገ ነው?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ወደ ኮምቦልቻ እየወረደ ነው!» አለ።

«እሺ... ይሄ የተኛውስ?»

«የኮምቦልቻ ሜዳ!»

«የሚወጣውስ?» አልኩ፣ መልሱን እየፈራሁ።

«ወደ ደሴ እየተመለሰ!»

አለቀልኝ ብዬ ዞር ስል ዳይሬክተራችን ያጨበጭባሉ! «ጎበዞች! ይኸው ገብቷቸው የለም እንዴ!» ለካስ እሳቸው ድሮ የሚያስተምሩት ሲቪክስ ነበር።

ዝም ብል ክፍሉ ይተርፍልኛል። ልጆቹ ግን ስህተቱን ይዘው ሊቀሩ ነው... አላስቻለኝም።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ልክ አይደለም» አልኩ። «ግራፉ የሚያሳየው መንገዱን ሳይሆን ፍጥነቱን ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ መኪናው ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል?»

ልጆቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ እሳቸው ብድግ አሉ። «ወላሂ ይፈጥናል እንጂ! ትናንት ሐረጎን ስንወርድ ሾፌሩ ቢዘገይ ኖሮ ያን ሁሉ ዱዓ አደርግ ነበር?»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሁልጊዜ ዝም የምትለው ዘይነባ ከሳቁ መሀል «ቲቸር! እንግዲያው መንገዱ ሲወርድ መስመሩ ይወጣላ!» ብላ ጮኸች።

«ዜሮ ላይ ሲተኛስ?»

«ቆሟል! ሰው እያወረደ ነው!» አለ ክፍሉ ተቀብሎ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ዳይሬክተራችን ጭራሽ ጠመኔውን ተቀብለውኝ የራሳቸውን ጉዞ ሳሉ። መስመሩ ወጣ፣ ወጣ... ከዚያ ድንገት ቁልቁል። «እዚህ ጋ ምን ሆነ?»

«ፍሬን ያዘ!»

«አይ... መጀመሪያ እኔ ጮህኩ፣ ከዚያ ፍሬን ያዘ!»

ሊደወል ሲል፣ ከመስመሩ ስር ያለው ስፋት የተጓዝነውን ርቀት እንደሚሰጥ ነገርኳቸውና ወጣን። በሩ ላይ ዳይሬክተራችን ጠጋ አሉኝ። «ክፍሉ ያንቺው ነው። ግን... ያ የስፋቱ ነገር አልገባኝም። ነገም እመጣለሁ።»

ነገ ስም ስጠራ የሳቸውንም ልጨምር ይሆን እንዴ?