ያልሸተቱት ናሙናዎች

በሆስፒታሉ ምድር ቤት የምትሠራውን የላቦራቶሪ ባለሙያ ባልደረቦቿ «አነፍናፊ» ይሏታል። ከሴቶች ክፍል የሚመጣላትን የብልት ፈሳሽ የመስታወት ስላይድ ላይ ቀብታ ፖታሽ ከሚባለው ኬሚካል አንድ ጠብታ ስትጨምርበት፣ ሴትየዋ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ካለባት የዓሣ ሽታ ብን ይላል። እሷ ዘንድ ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። «አፍንጫሽ ባይኖር ጦምሽን ታድሪ ነበር» ይላታል ሽማግሌው የላቦራቶሪ ኃላፊ። ሥራ ሲበዛባት አፍንጫዋ ዝም ያለበትን ናሙና በማይክሮስኮፕ ገረፍ አድርጋ ነበር የምታልፈው። አፍንጫዋም ሃያ ሁለት ዓመት አላሳፈራትም።

አንድ ሳምንት ጉንፋን ይዟት ተሻላት። ሰኞ ሥራ ስትገባ ናሙናዎቹ ሁሉ ዝም አሉ። ጠብታውን ጨመረች፣ አጎነበሰች፤ ምንም። «የለም» ብላ ጻፈች። ማክሰኞም የለም። ክፍሉ ያው ክፍል፣ ወንበሩም ያው ወንበር ነው፤ ግን አንዳች ነገር ከውስጡ ወጥቶ የሄደ መሰላት። ማታ ትንሿን ልጇን አቅፋ አንገቷን ስትስም የሌላ ሰው ልጅ ያቀፈች መሰላትና ክው አለች።

ሐሙስ ዕለት በአንዷ ሴት ናሙና ላይ አሲድ መለኪያው ወረቀት ከልክ በላይ ጠቆረባት፤ የኢንፌክሽን ምልክት ነው። ደንግጣ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። ሴሎቹ ጠርዛቸው እስኪጠፋ ድረስ አሸዋ እንደተነሰነሰባቸው በባክቴሪያ ተሸፍነዋል። ሽታ ግን የለም።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያሽትቱልኝ።»

ሽማግሌው ገና ሳይጠጋ ፊቱን አዞረ። «ኧረ ይሄማ በር ላይ ነው የሚቀበለው!» ካለ በኋላ ትክ ብሎ አያት። «አንቺን አይሸትሽም?»

የአሞኒያ ጠርሙስ ከፍቶ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ዓይኗ አነባ፣ አፍንጫዋን እንደ መርፌ ወጋት፤ ሽታ ግን አልነበረም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ዝም ያሉት ናሙናዎቹ መስለውኝ ነበር።»

ከሰኞ ጀምሮ የተቀመጡትን ደረቅ ስላይዶች አውጥተው ባክቴሪያን በዓይነቱ በሚለየው ግራም በሚባል ቀለም አቀለሟቸው። በየስላይዱ ባክቴሪያውን ቆጠሩ። ከመካከላቸው በዘጠኙ ላይ ረጃጅሞቹ ሐምራዊ ጤነኛ ባክቴሪያዎች ጠፍተው ጥቃቅን ሮዝ ነጥቦች ሞልተዋል። ዘጠኙንም ሴቶች ራሷ ደወለችላቸው።

ቀድማ የመጣችው ነፍሰ ጡር ልብስ ሰፊ ነበረች።

«የለብሽም ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለቻት ባለሙያዋ። «ተሳስቼ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «እኔ እኮ ይሸተኝ ነበር። የውጤቱ ወረቀት «የለም» ሲል፣ የሌለ ነገር የሚሸተኝ መስሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ስታጠብ አድራለሁ። ያበድኩ መስሎኝ ነበር፣ እህቴ።»



ልብስ ሰፊዋ መድኃኒቷን ጨርሳ ወሯ ሞልቶ በሰላም ተገላገለች። ላቦራቶሪውም ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ናሙና አቅልሞና ቆጥሮ ነው ውጤት የሚሰጠው። ለባለሙያዋ የማሽተት ስሜቷ በስድስተኛው ወር ተመለሰላት፤ የተመለሰው ግን ያው አይደለም። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም በየሥራው እንዳቀረቀረ፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታታል። «ይሸታችኋል?» ትላለች። «የለም» ይሏታል፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ።