ቱርካዊቷ ልጅና የቦርሳው ቁልፍ

ልጄ «እማ፣ እሁድ ሲኒማ ልውሰድሽ» ስትለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት «ምን ልትነግረኝ ፈልጋ ነው?» የሚለውን ነው። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ ያደገች፣ በአማርኛ ሳናግራት እንግሊዝኛ ቀላቅላ የምትመልስ ልጅ ናት። የምትሠራው ዳውንታውን ኦክላንድ ቢሮ ውስጥ ነው፤ የምንኖረው ግን ሄይዋርድ ነው። እኛ ሰፈር ሲኒማ ጠፍቶ ነው ኦክላንድ ድረስ የምንሄደው?

ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። እንጀራዬም በዚሁ ነው፤ መጋዘን ውስጥ የታሸገ ካርቶን ከፍቼ ዕቃውን ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ። ቤት ስገባም እጄ አያርፍም። ቅዳሜ ቅዳሜ የልጄን ቦርሳ «ላጥበው» ብዬ እወስድና ኪሱን ሁሉ እበረብራለሁ። ደሴ እያለሁ እናቴም የእኔን ደብተር እንዲሁ ታገላብጥ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ቦርሳ ውሃ የነካው ሁለት ጊዜ ቢሆን ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ቦርሳው ውስጥ ቁልፍ አገኘሁ። አዲስ ነው፤ ራሱ ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ አለው። የቤታችን አይደለም፤ ቢሮዋ ደግሞ የሚከፈተው በካርድ ነው። በቃ፣ ወንድ አለ አልኩ። መልሼ ከተትኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ነበር፤ በሦስተኛውም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን። ትታኝ ልትሄድ ነው የሚለው ፍርሃት ምግብ ከለከለኝ፤ ግን ብሞት አልጠይቃትም።

«ፊልሙ ስለ ቱርክ ልጅ ነው፤ ትወጂዋለሽ» አለችኝ መኪና ውስጥ። ቱርኮችን የማውቃቸው በአማርኛ ተተርጉመው ከሚመጡት ተከታታይ ድራማዎች ነው። ከልጄ ጋር ሶፋ ላይ ተደጋግፈን ስንቱን ጨርሰናል! እዚያ ውስጥ ሳያሴር የሚውል ሰው የለም። ስለዚህ ዓይኔን አፍጥጬ ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ውስጥ ግን ምንም አልተፈጠረም። ወጣቷ ወላጆቿ ከቱርክ ወደ አውሮፓ የተሰደዱ፣ እሷ እዚያው የተወለደች ናት። ባቡር ትሳፈራለች፤ መነጽር ቤት ትሠራለች፤ ቲማቲም እየነካካች ትመርጣለች። እናቷ ደውላ በቱርክኛ ስታናግራት እሷ በሌላ ቋንቋ ትመልሳለች። «በልቻለሁ» ትላለች፤ አልበላችም። ፈገግ የሚል ወንድ በታየ ቁጥር በሆዴ «ይኸው፣ እሱ ነው» እላለሁ፤ እሱ ደግሞ ዳቦውን ሸጦላት እልም ይላል። አንድ ቦታ ላይ ልጅቷ ሻወር ስትገባ ልትጠይቃት የመጣችው እናቷ ጃኬቷን አንስታ ኪሱን በረበረች። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ዞር ስል ልጄ የምታየው ፊልሙን አይደለም፤ እኔን ነው።

ስንወጣ አላስችል አለኝ። «ያ የጃኬቱ ነገር ምን ለማለት ነው?» አልኳት።

«ምንም። ኢትስ ጀስት ኧ ሙቪ፣ እማ።»

ትንሽ ከተራመድን በኋላ ቆመች። «ቁልፉን ሳይድ ፖኬቱ ውስጥ ነው የመለስሽው። እኔ ሚድሉ ላይ ነበር ያደረግኩት።»

ፊቴ ጋለ። «ታውቂ ነበር እንዴ?»

«ከሃይስኩል ጀምሮ! ያስቀመጥኩትም እንድታገኚው ነው። እንዴት እንደምነግርሽ አላወቅኩም። ትጠይቂኛለሽ ብዬ ሦስት ዊክ ዌይት አደረግኩ።»

እኔ ፊልሙን ስመረምር፣ ለካ ልጄ በየቅዳሜው ስትነግረኝ ኖራለች። አፈርኩ።

ሁለት መንገድ አቋርጠን አንድ ሕንፃ ገባን። ቁልፉን ሰጠችኝና በሩን እኔ ከፈትኩት። አንዲት ክፍል ናት፤ ፍራሹ ከነፕላስቲኩ ግድግዳ ተደግፏል። ቢስሚላህ ብዬ ገባሁና ቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄድኩ። የወንድ ጫማ ፈለግኩ። መታጠቢያ ቤቱንም አየሁ፤ አንድ የጥርስ ብሩሽ ብቻ ነው ያለው። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ አልከለከለችኝም።

«ከማን ጋር ነው?» አልኳት።

«ብቻዬን» አለች፤ በአማርኛ፣ ጥርት አድርጋ።

ዓይኗን አየሁት። አልዋሸችም። ወላሂ፣ ወንድ ባገኝ ይሻለኝ ነበር። እሱን እረግመዋለሁ፤ ልጄን ወሰደብኝ እላለሁ። የወሰዳት የለም። በራሷ ጊዜ፣ በራሷ እግር፣ ከእኔ ነው የምትሄደው። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም።

ስንወጣ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«ያንቺ ነው። የእኔ ሌላ አለ። ከመጀመሪያውም ላንቺ ያስቀረጽኩት ነው» አለችኝ። «ስትመጪ ግን ቀድመሽ ኮል አድርጊልኝ፣ እሺ?»