ምኑን ልቻለው?

ልጄን ወደ ባሕር ዳር ልሸኝ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ቆሜያለሁ። ረዳቱ የአውቶቡሱን በር ሲዘጋ አንገቷን በመስኮት ብቅ አድርጋ «ቻው እማ!» አለችኝ። በልጅነቴ ቡሬ ላይ ይህን ቃል የተናገረ ከእማማ ትሁን ቤት ይባረር ነበር።

እማማ ትሁን ጎረቤታችን ነበሩ፤ ጌሾ ወቅጠው የሚሸጡ ብቸኛ ሴት። ሙቀጫቸው አያርፍም፤ የጌሾው ምሬት አጥር ዘሎ ጉሮሯችን ድረስ ይገባል። እኔን ይወዱኛል፤ ከመቀነታቸው ከረሜላ እየፈቱ ይሰጡኛል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ልጆች የሰማሁትን ይዤ፣ በአዲሱ የጎማ ጫማዬ እየተንጎራደድሁ «ቻው እማማ!» አልኋቸው።

ዘነዘናውን ጣሉት። «ቻው? ምኑን ልቻለው? ውጪልኝ ከቤቴ!»

እያለቀስሁ ወጣሁ። ሳምንት ሙሉ ዝር ሳልል ስቆይ እናቴ «ሂጂ፣ ይቅርታ ጠይቂያቸው» ብላ ላከችኝ። መደቡ ላይ አስቀመጡኝና ሙቀጫውን እያዩ ነገሩኝ።

«ሰባት ዓመቴ ነበር። ጣሊያን አባቴን አስሮ መኪና ላይ ጫነው። አንዱ ወታደር እየሳቀ እጁን አወዛወዘልኝ፤ ቻው ቻው አለኝ። እመልሰዋለሁ ያለኝ መሰለኝና እኔም እየዘለልሁ ቻው አልሁ። አባቴ አየኝ። ስስቅ አየኝ፣ ልጄ።»

አባታቸው አልተመለሱም። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ እሳቸው አለቀሱ።

መኪናም የጣሊያን ቃል ነው፤ ምን ላድርግ፣ ሌላ የለኝም! ጣሊያን ወጣ ይሉናል። የት ወጣ? የሰባት ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ቃሉን ጥሎ እስክታረጅ ሲያስለቅሳት ኖረ። ዛሬ ደግሞ በየስልኩ ቻው ቻው እንላለን፣ መርቆን የሄደ ይመስል። ቃሉ ጥንት በገዛ አገሩ «ባሪያህ ነኝ» ማለት እንደነበር ያወቅሁት እማማ ትሁን ከሞቱ በኋላ ነው። ባሪያህ ነኝ! አባታቸውን አስሮ! እንኳንም አልሰሙ። እኔ ግን ሰምቻለሁ፤ ይቅርም አልልም።

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ነጠላዬን ሰብስቤ በመስኮቱ ሥር እየሮጥሁ «ምኑን ልቻለው? ደህና ሁኚ በዪኝ እንጂ!» ብዬ ጮህሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ልጄ አልሰማችኝም። እጇን እያወዛወዘች «ቻው!» አለችኝ ደግማ፣ እየሳቀች።