እስኪደርቅ የተጠበቀው የጋሽ አድማሱ ሸራ

ጋሽ አድማሱ ማክሰኞ ማለዳ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ቀብራቸው ላይ መድረስ ያልቻላችሁ፣ በቢታ ገነትም ሆነ በደካ ከተማ ያላችሁ ወዳጆቻቸው፣ መርዶውን ከእኔ ከጎረቤታቸው ከሸራ ሰፊው ስሙት። ታመው የተኙት ጥቂት ቀን ነው፤ ያዘኑት ግን ብዙ ዓመት ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ከሹፌርነት ሥራቸው በጡረታ ወጡ። ሀብት ብለው የያዙት ጣሪያዋ የሚታጠፍ አንዲት አሮጌ የጣሊያን መኪና ነበረች። እንደ ቦንጋ ባለ ዝናብ በማይጠፋበት አገር ጣሪያዋ ጨርቅ የሆነ መኪና መግዛታቸው ሲያስቀን ኖሯል። ሸራውን የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ፤ አስተጣጠፉን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ መኪናዋን ፀሐይ ላይ ያቆሙና ሸራው እስኪለሰልስ ይጠብቃሉ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከየስፌቱ ያወጣሉ፤ አብሮ ከታጠፈ ክሩን ይበላዋል። የኋላ መስኮቷ ፕላስቲክ እንዳይጫር ንጹሕ የፍላኔላ ጨርቅ ያነጥፉበታል። ከዚያ እሳቸው በግራ እኔ በቀኝ ሆነን፣ ጨርቁን ጣሪያውን ከሚይዙት ብረቶች መካከል በእጃችን እየሳብን ቀስ ብለን እናጥፋለን። ብረቱ ከነከሰው ተቀደደ ማለት ነው። እርጥብ ሸራ ማጠፍማ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነበር። «ይሻግታል፤ ቆዩ፣ ይድረቅ» ይላሉ። ሙሽራ ክፍት መኪና አማረኝ ብላ ብታለቅስ እንኳ አይሰሙም።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ታመው፣ ሐኪሞቹም ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤት የመለሷቸው በክረምት ነበር። የተወለዱት ማንኪራ ነው። ጣሪያው ተከፍቶ፣ ኋላ ተጋድመው ዛፎቹን ሽቅብ እያዩ በዚያ የጫካ መንገድ መሄድ አማራቸው። ጋሽ አድማሱም እሺ አሉ፤ እሺታቸው ከልብ ነበር። ሸራው ግን እርጥብ ነበር፤ በማግሥቱም እርጥብ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወጥተው በመዳፋቸው ይዳስሱትና ይመለሳሉ። እትዬ አስካለ ከአልጋቸው ሆነው «ዛሬስ ደረቀልዎት?» ይሏቸዋል። ቀልዳቸው ነው፤ ልጠይቃቸው ሄጄ አብሬ ስቄአለሁ።

«ነገ ፀሐይ ትወጣለች፣ አስካልዬ» አሏቸው። ፀሐይዋ ወጣች፤ እትዬ አስካለ ግን ሌሊቱን አርፈው ነበር።

በቀብሩ ዕለት እንደገና ዘነበ። ጋሽ አድማሱ ሸራውን ለብቻቸው፣ ፍላኔላም ሳያነጥፉ፣ ውሃው እየተንጠባጠበ አጠፉት። ልንረዳቸው ብንቀርብ በእጃቸው ከለከሉን። ብረቱ ሲቀደው ድምፁን ሰማሁ። ከአስከሬኑ ኋላ፣ ዝናቡ በራሳቸው ላይ እየወረደ፣ ባዶ መኪና ነዱ። አንጀቴን በሉት፤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ያንን የተቀደደ ሸራ ስጥፍ ኖሬአለሁ። ከቤት መውጣት ያማረው በሽተኛ አለ ከተባለ፣ ቢዘንብም ባይዘንብም፣ ጋሽ አድማሱ እስላም ክርስቲያን ሳይሉ ጣሪያውን አጥፈው ይዘውት ይሄዱ ነበር። እናቴን በካፊያ ሲወስዷት ከጎኗ ሆኜ ጃንጥላ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ደስ ብሏት ነበር። ሸራው ግን ሻገተ፤ በየእጥፋቱ ተሰነጠቀ። ስቆጣቸው «አንተ ጣፈው እንጂ፤ እኔ ከእንግዲህ መጠበቅ አልችልም» ይሉኛል። «ለጨርቅ ብዬ አስጠበቅኋት» ያሉኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛ አላነሱትም፤ ከልባቸው ሲስቁም አላየሁም።

ጋሽ አድማሱ፣ በሕይወት ሳሉ ላጽናናዎ ብዬ ብዙ ቀባጥሬያለሁ። ክረምት ነው፣ ማን ያውቃል፣ አልኩዎት። አልተቀበሉኝም። ዛሬ ልዋሽዎ አልፈልግም፤ ያን ጊዜ እትዬ አስካለን ይዘዋቸው መሄድ ነበረብዎት። ስንቱን በሽተኛ ቢያስደስቱም የእሳቸው ቀን አልተመለሰም፤ ይህንንም ከሁላችን ይልቅ እርስዎ ያውቁ ነበር። ሰፈርተኛው ሁሉ ይቅር ብሎዎታል ልል አልችልም፤ ይቅርታው የእኛ አይደለምና፣ የእትዬ አስካለ ነው። አሁን እሳቸው ወዳሉበት ሄደዋል። በደህና ይግቡ፣ ጋሼ፤ ራስዎ ይጠይቋቸው።