«ጥፋቱ የእኛ ነው» ብለን የፈረምነው

ከነገሌ የወጣነው ሊነጋጋ ሲል ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ ሃምሳ አለቃ ነው፤ ግንባር የሚሸኘኝ ይመስል ኮፍያውን አድርጎ መናኸሪያ ድረስ መጣ። አብሮኝ የሚሄደው የጓደኛዬ የጋልገሎ እናት ደግሞ ከሊበን በጭነት መኪና መጥታ እጄን ያዘችና «ልጄን ለአንተ ሰጥቻለሁ» አለችኝ። እኔ ጉረኛው፣ «አይዞሽ እናቴ፣ እኔ እያለሁ ምን ይሆናል!» አልኩ። ውጭ አገር ሠራተኛ የሚልከው ኤጀንሲ ጋ እንመዝገብ ብዬ የጎተጎትኩትም እኔው ነኝ። ሕጋዊ ነው፣ ውል አለው፣ እንደ በረሃ ተጓዦቹ አይደለንም እያልኩ ስንት ቀን ሰበክሁት መሰላችሁ።

አዲስ አበባ ሦስት ቀን አሠለጠኑን። ስለ ምን ቢሉ፣ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን! የምንሄደው እኮ ዐረብ አገር፣ ቲማቲም እርሻ ነው። «አስተማሪዬ፣ ቲማቲሙን በዚህ ነው የምናጥበው?» ብላት፣ «ዝም ብለህ ፈርም፣ ሰርተፊኬቱ ለሁሉም አንድ ነው» አለች። ፈረምኩ። ይኸው ልብስ በማጠብ የተመሰከረልኝ ገበሬ ሆንኩ።

እንደደረስን ሙዲር የሚሉት የእርሻው ኃላፊ ፓስፖርታችንን ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። «እንዳይጠፋባችሁ ነው» አለ፤ ደግ ሰው! እርሻው በፕላስቲክ የተሸፈነ ዳስ ነው። ዕድሜ ልኬን የነገሌን ፀሐይ ስሰድብ ኖሬ እዚያ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እሷ እኮ ግራር ሥር ስትገባ ትተውሃለች። ምሳችን ሩዝ፣ እራታችን የምሳው ሩዝ። ጋልገሎ ወተት ሲያምረው የዱቄት ወተት በጠበጡለት፤ ቀመሰና «ይቺ ላም ከሞተች ስንት ዓመቷ ነው?» አለ።

እሱን የተባይ መድኃኒት ረጪ አደረጉት። ውላችን መነጽርና ጓንት አሠሪው ያቀርባል ይላል፤ የቀረበለት አንድ አሮጌ ሻሽ ነው። ዓመት ሳይሞላን ዓይኖቹ ደም መሰሉ። ሐኪም ቤት ለመሄድ የሙዲሩ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ሙዲሩ ደግሞ «አቧራ ነው፣ ይታጠብ» ይላል።

ከመካከላችን የአገሩ ሥራ ቢሮ ሄደን እንክሰስ ያለ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «ሰው ዘሎ ክስ ይከፍታል እንዴ? መጀመሪያ ሽማግሌ ይላካል!» አልኩ። አብረውን የሚሠሩት የቦሬው ጋሽ ዱቤ በዕድሜ ይበልጡናል፤ እሳቸውን አስቀድመን ሙዲሩ ዘንድ ገባን። ጎንበስ ብለው እንደ ወጋችን ጀመሩ፤ «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅር ይበሉን።» በተሰባበረች ዐረብኛዬ ተረጎምኩ። አገር ቤት ቢሆን፣ ተበዳዩ ቀድሞ ሲሸነፍ በዳዩ ያፍርና «ኧረ በፍጹም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ተቀመጡ» ይላል፤ ከዚያ ነገሩ ይነሳል። ሙዲሩ ምን በወጣው ያፍራል! ጸሐፊውን ጠርቶ አስጻፈ፣ ጋልገሎን በጣቱ አስፈረመው። የዐረብኛ ጽሑፍ የሚያነብ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። እኛ ሞኞቹ እርቅ መስሎን እጁን ጨብጠን ወጣን።

የሐኪም ቤቱ ደብዳቤ ግን አልመጣም። ሥራ ቢሮ ስንሄድ ያ ወረቀት ቀድሞን ደርሷል።

«የዚህ ሰው ዓይን እየጠፋ ነው» አልኩት ሹሙን።

«መነጽር ተሰጥቶት አላደርግም ብሏል። ጥፋቱን አምኖ ፈርሟል።»

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ ጨዋነት ነው!»

ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየና «ጨዋነት የሚል አንቀጽ የለም» አለኝ።

በሳምንቱ ጋልገሎን ጥፋተኛ ብለው ውሉን አቋርጠው ወደ አገሩ አሳፈሩት። ዛሬ አንድ ዓይኑ ጭራሽ አያይም፣ ሌላው ጥላ ብቻ ይለያል። እናቱ ስደውልላት አንድም የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ደወለ። «አካም? ናጋ?» ተባብለን ሳንጨርስ፣ «ኤጀንሲው ታናሽ ወንድሜን በእኔ ቦታ መዝግቦታል» አለኝ። «ብነግረው አያምነኝም፤ ሰንፈህ ነው የተመለስከው ይለኛል። እስቲ አንተ ንገረው» ብሎ ስልኩን ሰጠው።

ነገርኩት። መድኃኒቱን፣ ወረቀቱን፣ የሙዲሩን ተንኮል፣ የራሴን ቂልነት፣ አንዱንም አላስቀረሁም። «በፈጠረህ ወንድሜ፣ አትምጣ» ብዬ ለመንኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«እሺ ጋሼ» አለ። «አንቱ ግን እዚያው አይደሉ እንዴ?»

ከኋላው ጋልገሎ «ምን አለህ? ምን አለህ?» ሲለው ይሰማኛል።