ታብሌቱን የተሳለሙት እትዬ ስንዱ

ቅዳሜ ከሰዓት አንዲት የሰባ ምናምን ዓመት እናት ሶፍትዌሬን በከንፈራቸው ብቻ ዘረሩት።

ላስረዳ...

እዚህ በስደት ባለንበት ከተማ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ልብስ መሸጫ በላይ፣ የሐበሾች ማኅበራችን ክፍል አለች። እዚያ የተከማቸውን አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ ስካን አድርገን ዲጂታል ላይብረሪ ከፍተናል። ስካን ያደረጉት ሌሎች ናቸው። ፒዲኤፉ የሚነበብበት ፕሮግራም ግን የእኔ የእጅ ሥራ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ሚራክል ማይል ሰፈር ባለ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር ስሠራ ነው የምውለው፤ ሶ፣ አንባቢ ምን እንደሚፈልግ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አንባቢ የሚፈልገው ገጽ ሲገለጥ «ሽው» የሚል ድምፅ ነው። በጣቱ ነክቶ መጽሐፉን ለወዳጅ የሚልክበት በተን ነው። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ነው። ከግርጌ ደግሞ መጽሐፉን የሚመዝንበት አምስት ኮከብ። ሁሉንም አስገባሁ። የጎደለ ነገር ቢኖር አንባቢ ብቻ ነበር።

አንባቢዋም መጡ። እትዬ ስንዱ። ልጃቸው ሂሩት ከቫን ናይስ ድራይቭ አድርጋ አመጣቻቸው። ዓይናቸው ስለደከመ የጸሎት መጽሐፋቸውን ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት የምታነብላቸው ሂሩት ናት።

«እየዘለለች ነው» አሉኝ፣ ገና ሳይቀመጡ።

«እማዬ፣ አልዘልም!»

«እኔ ሳነበው እግሬ እስኪደነዝዝ ነበር የምቆመው። አንቺ ስታነቢው ሻዬ እንኳ ሳይበርድ ያልቃል። ጸሎቱን ማን አሳጠረው?»

ሂሩት ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ የምፈልገው ራሴ ማንበብ ነው። ይሄ ነገርህ ካስነበበኝ እመርቅሃለሁ። ካላስነበበኝ ግን አታድክመኝ፣ ሁለተኛ ይሄን ደረጃ አልወጣም።»

የሳቸው የጸሎት መጽሐፍ እኛም ጋ ነበር፣ ከፍቼ አቀረብኩላቸው። በኩራት መጀመሪያ ጥቁሩን ገጽ አሳየኋቸው።

«ምነው? ማን ሞተ?»

ቶሎ ወደ ነጩ መለስኩት። ገጹን ስገልጠው «ሽው» አለ። እትዬ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው፣ «ዝጋው እባክህ፣ ነፋስ ይመታኛል» አሉ።

ፊደሉን አጎላሁት። ይሄኔ ፊታቸው በራ! «ታየኝ... ውይ፣ ታየኝ እኮ!» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኔም ተነሣሁ፣ ምርቃቱ የደረሰ መስሎኝ።

እሳቸው ግን ታብሌቱን አነሡና ተሳለሙት።

መጽሐፍ ሳይሳለም የሚጀምር ሰው በሳቸው ቤት አላደገም። መጀመሪያ ግንባራቸውን አስነኩት፤ መጽሐፉ «ሽው ሽው ሽው» እያለ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰ። ቀጥሎ ከንፈራቸውን ከግርጌው አሳረፉ... ልክ የመጀመሪያዋ ኮከብ ላይ።

ሶፍትዌሬ ለጸሎት መጽሐፉ አንድ ኮከብ መዘገበ። ከዚያ እኔ በገዛ እጄ፣ በከፍተኛ ትሕትና የጻፍኩትን ጥያቄ በጉልህ ፊደል አወጣ፦ «ይህን መጽሐፍ ያልወደዱት ለምንድን ነው?»

እትዬ ስንዱ አነበቡት። ያለ ማንም እርዳታ፣ አጥርተው አነበቡት።

«እኔ?» አሉ። «እኔ ነኝ የጸሎት መጽሐፍ ያልወደድኩት?» አማተቡ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ዝም ብሎ ነው የሚጠይቀው...»

«እማዬ፣ ምክንያትሽን ጻፊለት እንጂ» አለች ሂሩት፣ ፊቷን በስካርፏ ሸፍና በሳቅ እየተንቀጠቀጠች።

«አንቺ ዘላይ፣ ዝም በይ!»

ታብሌቱን መለሱልኝና ቦርሳቸውን አነሡ። ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው የሚናገረውን ተናገርኩ፦ «እትዬ... ሳይሳለሙት ቢያነቡትስ?»

ሂሩት እንኳ ሳቋን አቆመች።

«ሳልሳለመው» አሉ እትዬ፣ ቃሉን እንደሚመዝኑ ሁሉ ቀስ ብለው። «አንተ ሰው ቤት ስትገባ ሰላም ሳትል ነው የምትቀመጠው?»

«አይደለም፣ እትዬ።»

«እናስ?»

ላፕቶፔን ከፈትኩ። «ትንሽ ብቻ ይታገሡኝ» ብዬ ማጥፋት ጀመርኩ። ኮከቡን አጠፋሁ። «ሽው»ን አጠፋሁ። የመላኪያውን በተንም አጠፋሁ፤ ከንፈራቸው እዚያ ላይ ቢያርፍ ጸሎቱ ለማን እንደሚሄድ አስቡት። ጥጉን በጣት ተጭነው ትንሽ ካልቆዩ በቀር ገጹ እንዳይነቃነቅ አደረግኩ። ዘግተው ሲመለሱም ካቆሙበት እንዲከፈት።

እትዬ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ታብሌቱን እንደገና ተቀበሉኝ። ግንባር... ገጹ ዝም። ከንፈር... ዝም። ምንም የማያደርግ ሶፍትዌር እንዲህ አኩርቶኝ አያውቅም።

ቦርሳውን ለሂሩት አቀበሏትና ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

አነበቡ... አነበቡ... «እማዬ፣ የከፈልኩበት የፓርኪንግ ሰዓት ሊያልቅ ነው» አለች ሂሩት። እትዬ በአንድ እጃቸው ዝም በይ አሏት፤ በሌላው ጥጉን ተጭነው ገጽ ገለጡ። ሂሩት ወርዳ መኪናውን ሌላ መንገድ ላይ ፓርክ አድርጋ ተመለሰች። እትዬ ገና መሐሉ ላይ ናቸው። ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች።

ብዙ ከቆየች በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ኦኬ... እዘል ነበር» አለችኝ።

እኔም ተምሬያለሁ። አሁን መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ «ተጠቃሚው ይሄን በተን ሲነካው...» ብለው ሲጀምሩ፣ እጄን አውጥቼ «በምኑ?» እላለሁ።