የእትዬ ቀስታ ፍሬን

ሰፈሩ «እትዬ ቀስታ» ብሎ ስም ሲያወጣላት ያለ ምክንያት አልነበረም። ያቺን ነጭ አሮጌ መኪናዋን ስትነዳ፣ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሰላም ብሏት፣ የእናቷን ጤና ጠይቋት፣ ቀድሟት ይሄድ ነበር። ከኋላዋ የተሰለፉት ሾፌሮች በጥሩምባ ሲያደነቁሯት እጇን በመስኮት አውጥታ «እለፉ፣ እለፉ፣ መንገዱ የአባቴ አይደለም» ትላለች። ጎረቤቷ ባለሱቁ ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የእርስዎ እንቁላል ግን ሳይፈለፈል ሊያረጅ ነው» እያለ ይተርባታል። እሷም ትስቃለች። ያያት ሁሉ፣ ረጋ ያለች ጥንቁቅ ሴት ናት ይላል።

እኔ ግን ልንገራችሁ፤ ጥንቃቄ አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

ሥራዋ ልብስ ማጠብ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሁለት ማጠቢያ ማሽንና በአንድ ትልቅ ካውያ ራሷንና እናቷን ታስተዳድራለች። ዋናው ደንበኛዋ ዳገቱ አናት ላይ ያለው ክሊኒክ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ንጹሕ አንሶላና ጋውን ይዛ ትወጣለች፣ የቆሸሸውን ጭና ትወርዳለች። መውጣቱስ ምንም አይደል፤ ጉዱ መውረዱ ላይ ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ መንገዱ ድንገት ታጥፎ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው የማይጠፋበት አደባባይ ላይ ይወጣል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በዚያ ቁልቁለት መሃል ፍሬኑ ይከዳት ጀመር። ሜዳ ላይ ደህና ነው፤ ሲሞቅ ግን ፔዳሉ ከእግሯ ሥር እየሰመጠ ወለሉን ይነካል። መጀመሪያ የከዳት ቀን ልቧ በአፏ ልትወጣ ደረሰች። በድንጋጤ ደጋግማ ስትረግጠው በሦስተኛው ያዘላት። ከዚያ ወዲህ በአንደኛ ማርሽ፣ ከፊቷ ካለው መኪና ርቃ፣ ረገጥ፣ ረገጥ፣ ረገጥ እያደረገች መውረድ ለመደች። አብሯት የሚወርድ ሰው እግሯን እያየ «አቤት ጥንቃቄ!» ይላል። የክሊኒኩ ወጣት ነርስ ሥራዋን ጨርሳ አብራት በወረደች ቁጥር የምትለው ይህንኑ ነው። እትዬ ቀስታ ደግሞ መሪውን ጨምድዳ ይዛ፣ ጀርባዋ በላብ ተነክሮ፣ «ምን ይደረግ፣ የሰው ነፍስ ነው» ትላታለች።

መካኒኩ ሁለት ጊዜ ፈትቶ ገጠመው። በሁለተኛው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«እህቴ፣ የፍሬኑ ዋና ፓምፕ አልቋል። የዚች ሞዴል ዕቃ ደግሞ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! የቻልኩትን አድርጌያለሁ፤ ቁልቁለት ላይ ግን አትመኛት» አላት።

«እስከ መቼ ትቆይልኛለች?»

«እሱን ባውቅ ጠንቋይ እሆን ነበር እንጂ መካኒክ አልሆንም።» ቀልዱን እዚያው ተወው። «ሰው ትገድላለች። ካልሆነም አንቺን።»

ይህን ሰምታ እንዴት ትተኛ? ከተማው ዳር ላይ አሮጌ መኪና ተቀብሎ፣ ልዩነቱን አስጨምሮ፣ ሌላ የሚሰጥ ግቢ አለ። ለመለወጥ ወሰነች። እውነቱን ለመናገር፣ ስትሄድ ልትነግራቸው አስባ ነበር። መንገዱን ሁሉ «ፍሬኗ ትንሽ ችግር አለበት» የሚለውን ስታጠና ነው የሄደችው። የግቢው ዋጋ ገማች ግን ገና ከሩቅ ሲያያት በሳቅ ተቀበላት።

«የእትዬ ቀስታን መኪና! ይቺን እንኳ ሳላይ ብቀበላት አልከሰስም። እንደ እንቁላል ተይዛ የኖረች መኪና እኮ ናት!»

ያጠናችውን ሳትናገር ቀረች። ገማቹ ኮፈኑን ከፍቶ ለወጉ አየት አደረገ፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገ፤ ከዚያ «እስቲ ዞር ዞር እናድርጋት» ብሎ መሪውን ያዘ። እሷ ጎኑ ተቀመጠች። ከግቢው ወጥተው ወደ ዳገቱ ሊታጠፍ ሲል አፏ ቀደማት።

«በዚያ በኩል መንገዱ ተቆፍሯል። በሜዳው ይሻለናል።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መንገዱ አልተቆፈረም። ጠዋት በዚያው ነው የመጣችው። በሜዳው ሄደው በሜዳው ተመለሱ፤ ያ ከዳተኛ ፍሬን አንዴ ሲረገጥ ጸጥ ብሎ ያዘ። ቢሮ ገብተው ገማቹ ቅጹን ሲሞላ አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«‹የሚታወቅ ችግር› ይላል እዚህ። ምን ልጻፍ?»

ቦርሳዋን ከፍታ ዘጋች።

«ምንም» አለች።

«አውቄያለሁ። ቢሆንም መጠየቅ ደንብ ነው» አለና ጻፈው።

ሰማያዊ መኪና ይዛ ተመለሰች። በማግስቱ እናቷን ለምርመራ ክሊኒኩ ወስዳ ይዛት ስትመለስ፣ ቁልቁለቱ መሃል ላይ እግሯ እንደ ልማዱ ረገጥ፣ ረገጥ፣ ረገጥ አደረገ። የአዲሲቱ ፍሬን ደግሞ አንዴ ሲነኩት ቀጥ የሚያደርግ ነው። መኪናዋ ዘለለች፤ ከኋላ የተቆለለው አንሶላ አሮጊቷ ላይ ተናደ። እናቷ ከአንሶላው ሥር ብቅ ብላ «ምነው ልጄ፣ ይቺም ታማለች እንዴ?» አለቻት። «ይቺም» ስትላት እትዬ ቀስታ ክው አለች። እናቷ ለካ ስታውቅ ኖራለች።

ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር አላየችም። የራሷ ፍሬን ቢስተካከልም ፍርሃቱ አልተስተካከለላትም፤ እንዲያውም ባሰበት። ድሮ የምትፈራው ለራሷ ነበር፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ ነበርና ቢያንስ ትረግጠው ነበር። አሁን ግን መኪናዋ የት እንዳለች፣ ማን እንደሚነዳት፣ ማን እንደተሳፈረባት አታውቅም። ወደ ክሊኒኩ አምቡላንስ እየጮኸ ሲወጣ የያዘችውን ጥላ መስኮት ላይ ትቆማለች። ነጭ መኪና ባየች ቁጥር ታርጋዋን ታነባለች። በሦስተኛው ቀን በግቢው በኩል አልፋ ስትመለከት፣ መኪናዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ሌላ ቆሟል። ተሸጣለች። ወርዳ «ለማን?» ብላ መጠየቅ አቃታት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሳምንት ሳይሞላ ክሊኒኩ ዕቃ ክፍል ውስጥ አንሶላ እየቆጠረች ስታስረክብ፣ ያቺ ነርስ የሥራ ልብሷን አውልቃ፣ ትንሿን ልጇን በእጇ ይዛ ገባች።

«እትዬ ቀስታ፣ ምሥራች! መኪና ገዛሁ። የማንን እንደሆነ ይገምቱ!»

እትዬ ቀስታ አልገመተችም። አንሶላውን እንደገና መቁጠር ጀመረች።

«የእርስዎን! ባሌ ሌላ ሊያስገዛኝ ነበር፤ የእትዬ ቀስታ ናት ሲሉኝ ግን ዐይኔን ጨፍኜ ፈረምኩ። ደግሞ ትናንት እንዴት እንዳስታወስኩዎት! ቁልቁለቱ ላይ ፔዳሉ ሄደብኝ፣ ነፍሴ ልትወጣ። ከዚያ የእርስዎ እግር ትዝ አለኝ። ሦስቴ ረገጥኩት፣ ያዘልኝ። ለካ ጥንቁቅ ሰው እንዲህ ነው የሚነዳው አልኩ። እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ እርስዎን ባላይ ኖሮ…»

እግዜር ይስጥልኝ! ብትሰድባት በተሻላት። መናገር ያለባት እዚያው፣ በዚያች ቅጽበት ነበር። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን «ቀስ ብለሽ ንጂ» የሚል ነው።

«እንደ እርስዎ ነዋ!» አለች ነርሷ፤ ስቃ፣ ልጇን ይዛ ወጣች።

እትዬ ቀስታ አንሶላውን እንደታቀፈች ቀረች። ብትናገር ስሟ ይጠፋል። ክሊኒኩ ያባርራት ይሆናል፤ ግቢው ሰማያዊዋን ይነጥቃት ይሆናል፤ ስለ ቅጹ ይከሷትም ይሆናል። ታዲያ እናቷን በምን ታኖራታለች? ይህን ሁሉ ገና አስባ ሳትጨርስ፣ በመስኮቱ በኩል ሞተር ሲነሳ ሰማች። ያንን ድምፅ ከሺህ መኪና መሃል ትለየዋለች።

አንሶላውን ጥላ ሮጠች። የበሩ ዘበኛ «ኧረ ጉድ፣ እትዬ ቀስታ ሮጡ!» ብሎ ለሳቅ የከፈተው አፉ ፊቷን ሲያይ ተዘጋ። መኪናዋ ከግቢው ልትወጣ ስትል በሩ መሃል ሁለት እጇን ዘርግታ ቆመች። ነርሷ ፍሬን ያዘች። ገና ስላልሞቀ አንዴ ሲረገጥ ያዘ።

«አጥፊው! ሞተሩን አጥፊው!»

«ምን ሆነዋል እትዬ?»

«ፍሬን የላትም!» ሁለት እጇን ኮፈኑ ላይ ጫነች። «ጥንቃቄ አልነበረም እኮ። ስለማይዝ ነው ሦስቴ የምረግጠው። መካኒኩ ሰው ትገድላለች ብሎኝ ነበር፤ አውቅ ነበር። ምንም የለባትም ብዬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ነርሷ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ዞራ የኋላውን ወንበር አየች፤ ትንሿ ልጅ ቀበቶዋን አስራ፣ እግሯን እያወዛወዘች ተቀምጣለች። ሞተሩን አጠፋች። ወርዳ የኋላውን በር ከፈተችና የልጇን ቀበቶ ፈታች።

«ትናንትም እዚህ ነበረች» አለች። አልጮኸችም።

«ዛሬውኑ ሄጄ ለግቢው እናገራለሁ። ሰማያዊዋንም ይውሰዱ፣ ያንቺንም ገንዘብ ይመልሱልሽ። ብቻ አሁን በእግር አትውረዱ፣ እኔ ላድርሳችሁ።» እትዬ ቀስታ የሰማያዊዋን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ዘረጋች። «ይቺ ደህና ናት። ፍሬኗ አንዴ ሲረገጥ ቀጥ ነው የሚለው። እመኚኝ ልጄ።»

ነርሷ ቁልፉን አየች። ቀጥሎም የእትዬ ቀስታን እግር አየች።

«እሱንስ በምን አውቃለሁ?» አለች።

የነጯን መኪና ቁልፍ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችና የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። ልጅቷ ዞራ «እትዬ ቀስታ፣ ቻው!» አለች። እናቷ አልዞረችም። የመንገዱን ጠርዝ ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ቁልቁለቱን በእግራቸው ወረዱ።